ቡሪየን ላይ የተቀመጥኩት አውጫጭኝ

በፈረንጆቹ 1986 እማርበት የነበረው ትምህርት ቤት «ከጓደኛህ ወረቀት ላይ ገልብጠሃል» ብሎ አባረረኝ። አልገለበጥኩም። ማንም ከማንም አልገለበጠም። ሦስት ሰዎች ተጠረጠርን፤ የተባረርኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ከክሱ ጀርባ ደግሞ የገዛ አገሬ ልጅ ፊርማ ነበረበት።

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው «ተወው፣ አለፈ» ይላል። ያለፈው ለእናንተ ነው። እኔ አልተውኩትም፤ ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ ወረኢሉ ገበሬ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ነው። አንድ የቴሌ ሠራተኛ የነበረ ስደተኛ ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፈ አስቆጠረኝ። ሲያትል ስገባ የማውቀው እንግሊዝኛ ስሜን መናገር ብቻ ነበር። ቀን አውሮፕላን እየጠረግሁ፣ በቀረኝ ሰዓት እየተማርኩ፣ ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰ ሰው የሚያስቆጥረውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ካለፍኩ በኋላ ማን ያቁመኝ? ዩኒቨርሲቲ ተመዘገብኩ።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋናው ግቢ ሩቅ ነው፤ እኔ በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ የተማርኩት ከሲያትል ወደ ደቡብ ባለችው በቡሪየን ከተማ በከፈተው ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ቀድሞ ሶፋ ይሸጥበት የነበረ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ አራት ክፍል፣ አንድ የለስላሳ ማሽን፣ መታጠቢያ ቤት የምታህል ማንበቢያ፤ ይኸው ነው። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ ዝም ይላል። ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንዱን አውሮፕላን ጠዋት የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ያገሬ ሰው በዚህ ትምህርት ቤት ሲስቅብኝ ኖሯል። ማውንት ቤከር የሚባል የሲያትል ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ የትልቅ ሰው ልጅ ነኝ የሚል አንዱ፣

«የት ነው የምትማረው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እ… የሶፋው ዩኒቨርሲቲ! ተቀምጣችሁ ነው የምትማሩት ወይስ ተጋድማችሁ?»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። «አንተ ተጋድመህም አልተማርክ» አልኩትና ሥጋዬን በላሁ።

እንግዲህ ከወገን ወደዚያ ቅርንጫፍ የምንሄደው ሦስት ነበርን። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ እኩያዬ፣ አብሮኝ አውሮፕላን የሚጠርግ። ብርሃኑ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዶ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ እሱም ከእኛ ጋር ይጠርጋል። «ጋሽ ደምሴ» ነው የሚለኝ። ከሦስታችን እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነበር። የጥገኝነት ጉዳዩ ግን ገና አልተወሰነለትም፤ ፖስታ በመጣ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል።

ያን መንፈቅ ኢኮኖሚክስ ያዝን። የትምህርቱ መጽሐፍ ማንበቢያው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ከክፍሉ አይወጣም፣ ለአንድ ሰው የሚፈቀደውም በቀን ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ተከፋፈልነው። ምዕራፎቹን ለሦስት ደለደልን። እያንዳንዱ ድርሻውን ያነብና በማግስቱ ሥራ ላይ ለሁለቱ ይናገራል። ትራስ እየሰበሰብን፣ ወንበር እየጠረግን፣ አንዱ ተናጋሪ ሁለቱ ሰሚ። ተሳፋሪው ከመግባቱ በፊት ምዕራፉ ማለቅ አለበት።

እኔ ማስታወሻ መያዝ አልችልም፤ እጄ አይደርስም። እነሱ በሁለት ሰዓት የሚጨርሱትን እኔ አራት ቀን እመላለስበታለሁ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ። ግን አንዴ ካነበብኩት አይወጣም። ሃያ ስምንት ዓመት ያለ ፊደል የኖረ ሰው የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለውም፤ የሰውን ዕዳ፣ የዘር ሐረግን፣ የወሰን ክርክርን በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው። ምዕራፉን ቃል በቃል ይዤ እመጣና አወርድላቸዋለሁ።

ለእኔ ከደረሱኝ ምዕራፎች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ መሬቱ ወይም ማሽኑ ሳይጨመር ሠራተኛ ብቻ ብትጨምር፣ መጀመሪያ ምርቱ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ የሚጨምረው እያነሰ ይሄዳል። መጽሐፉ የሚያመጣው ምሳሌ ስለ ፋብሪካ ነው። ቃል በቃል አልኩላቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ አልገባኝም» አለ ብርሃኑ፣ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ብርድ ልብስ እያጠፈ።

«ስማ» አልኩት። «አጎቴ አንዲት ቁራጭ የስንዴ ማሳ ነበረችው። በየዓመቱ ስምንት ሰው ለደቦ ይጠራና እስከ ቀትር ታጭዳ ታልቃለች። አንድ ዓመት ‹ሰው ይወቅልኝ› ብሎ ሃያ ሰው ጠራ። ማጭድ ከማጭድ ተጋጨ። የሚታጨደውን ረገጡት። ግማሹ ቆሞ ያወራል። ጠላው ከስንዴው በፊት አለቀ። ይኸው ነው።»

ሰይድ መጥረጊያውን ተደግፎ ሳቀ። «እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚያልቀው ቀሪቦው ነው» አለ። ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ጠላ አይቀምስም። በእነሱ ደቦ የሚቀርበው ቀሪቦ፣ የማያሰክር ጣፋጭ መጠጥ ነው።

ብርሃኑ «አሁን ገባኝ» አለ። ነገሩ ያበቃ መሰለኝ።

የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና ላይ ያ ጥያቄ መጣ፤ «ከምሳሌ ጋር አብራራ» ይላል። ሦስታችንም ጻፍን። ከሳምንት በኋላ ሚስተር ሆልም የሚባለው መምህራችን ወረቀቱን ለሁሉም ሲመልስ ለእኛ አልመለሰም። ቅዳሜ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስት ቀን አነበብኩት። ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በዘጠኝ ሰዓት፣ በእነሱ ሰዓት ማለቴ ነው፣ የቅርንጫፏ ዳይሬክተር ቢሮ ገባሁ።

ሚስስ ፔትሪ ትባላለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። እሱ ነው የሚያናድደው። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

«ተቀመጥ ደምሴ» አለችኝ። «ደብዳቤው ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል። ሦስት ቀን አነበብኩት።»

«ሦስት ቀን?»

«በመዝገበ ቃላት።»

ራሷን ነቀነቀች። ያ የራሷ አነቃነቅ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ሦስት ቀን የፈጀበት ሰው እንዴት አድርጎ ያን ፈተና ሠራ ማለቷ ነበር።

ከመሳቢያዋ ሦስት ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። የብርሃኑ ጽሕፈት እንደ ውሃ የሚፈስ ነው። የሰይድ ደቃቃ ነው። የእኔ አንዱ ፊደል ቆሞ አንዱ ተኝቶ፣ የሕፃን ይመስላል። በሦስቱም ላይ በቀይ የተሰመረበት ቦታ ነበር። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፦ ሃያ ሰው። ሃያ ሰው። ሃያ ሰው።

ሳቄ አመለጠኝ።

«የሚያስቅ ነገር አለው?»

«አጎቴ ነው ያሳቀኝ።»

አልገባትም፤ ተቆጣች። «ይህ ምሳሌ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሚስተር ሆልምም አላስተማሩትም። ሦስት ወረቀት ላይ ግን ቁጥሩ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው አሰበው፣ ሌላው ወሰደው። ብርሃኑ ከፊትህ ነበር የተቀመጠው።»

«አዎ፣ ከፊቴ ነበር።»

«ወረቀቱ ከኋላ ሊታይ ይችል እንደነበር ፈርሟል።»

አራተኛ ወረቀት አወጣች። ሁለት መስመር በታይፕ የተጻፈ፣ ከሥሩ ያ እንደ ውሃ የሚፈስ ጽሕፈት። ቀኑ ዓርብ ነው። ብርሃኑ ከዓርብ ጀምሮ ክፍል አልመጣም፤ ሥራም ላይ ሽፍት ቀይሮ ነበር። እኔ ሞኙ ታሞ ይሆናል ብዬ ብርቱካን ልወስድለት እያሰብኩ ነበር።

«እሱና ሰይድስ?» አልኳት።

«ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።»

«ብርሃኑ ይምጣ» አልኳት። «ሰይድ ይምጣ። መምህሩም ይምጣ። እዚሁ ፊት ለፊት እንጠያየቅ።»

«አሠራራችን እንደዚያ አይደለም። ይግባኝ ማለት መብትህ ነው። ቅጽ ትሞላለህ፤ ዋናው ግቢ ያየዋል።»

«ዋናው ግቢ አያውቀኝም፤ እኔም አላውቀውም።»

«ደንቡ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ አውጫጭኝ መናገር አለብኝ፤ ዛሬ የማያውቀው ብዙ ነው። በእኛ አገር በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ያደረገው ሰው ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል። ሀብታም ድሃ የለም። ቁጭ ይባላል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ተነሥቶ ቤቱ የሚሄድ የለም። እርሻ ይታጎላል፣ ገበያ ይቀራል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ቁጭ ነው። ሰው ሲሰለቸው እውነቱን ያወጣል። ልጅ ሆኜም ካደግሁም በኋላ ተቀምጫለሁ፤ እጠላው ነበር። ያን ዕለት ግን የማውቀው ፍርድ ቤት እሱ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው እቀመጣለሁ» አልኳት።

«ተቀምጠሃል እኮ።»

«አልሄድም ማለቴ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጣራ።»

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ስልክ አነሣችና ክላይድን ጠራችው። ክላይድ የሕንፃው ዘበኛ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በር የሚከፍተውም የለስላሳ ማሽኑን የሚሞላውም እሱ ነው። መጣና በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ጌታዬ፣ ችግር አለ?»

«የለም። ተቀምጫለሁ።»

ወደ እሷ ዞረ። «ማዳም፣ ተቀምጧል» አላት።

«እሱንማ አያለሁ፣ ክላይድ!»

«ጮኸብዎት?»

«አልጮኸም።»

«ኦኬ» አለ ክላይድ። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

እሷ ስልክ ታወራለች፣ ወረቀት ትፈርማለች፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ሁሉም መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ቀጥሎ እሷን። ምሳዋን ፊቴ መብላት አሳፈራትና ይዛው ወጣች። እኔ ጉልበቴ ላይ እጄን አድርጌ ግድግዳውን አያለሁ። አውሮፕላን ያልፋል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነበር። ፖሊስ ብትጠራ ምን ይውጠኛል እያልኩ ነበር። ግን ፍርሃቴን ለማንም አላሳየሁም፤ ለእሷ ስል ሳይሆን ለራሴ።

ከቀትር በኋላ፣ በእነሱ ሁለት ሰዓት፣ ክፍል ይገባል። ሰይድ ከሥራ መጥቶ ሲፈልገኝ አጣኝ፤ በቢሮው በር አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አንተ ደምስ! እዚህ ምን ትሠራለህ? ሰውየው ጀምሯል እኮ!»

«ተባርሬያለሁ።»

«ከምን?»

«ከሶፋው።»

«ተው ቀልድህን።»

ወረቀቶቹን በአገጬ አሳየሁት። ገብቶ አነበበ። የራሱን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከኪሱ አወጣ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሁለት ቀን ይዞት ሲዞር ነበር። ከዚያ የብርሃኑን ፊርማ አየ።

«ወላሂ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ወላሂ።»

«ይህን ልጅ እኔ ነኝ በእጄ ምሳ የማጎርሰው!»

«ሂድና ኮል አድርገው» አልኩት። «ደምሴ አውጫጭኝ ተቀምጧል፣ ና በለው። አልመጣም ካለ ዋይት ሴንተር ቤቱ ድረስ መጥቼ በሩ ላይ እቀመጣለሁ በለው። እንደማደርገው ያውቃል።»

ሰይድ ታች ወርዶ ከስልክ መደወያው ደወለ። ሲመለስ «ይመጣል» አለኝና አጠገቤ ያለችው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሚስስ ፔትሪ ቀና ብላ ሁለት መሆናችንን አየች።

«አንተስ ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ምንም» አለ ሰይድ። «እሱ ሲነሣ እነሣለሁ።»

ሚስተር ሆልም ክፍሉን ጨርሶ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባቱ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ነው። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ መጣ። ኮቱን አላወለቀም። እኔን ሳያይ ሰላም አለን።

«ጋሽ ደምሴ…»

«ጋሼነቱን ተወው። ና ተቀመጥ።»

በአማርኛ ነበር፤ ሚስስ ፔትሪ «በእንግሊዝኛ እባካችሁ» አለች።

«አንድ ጥያቄ በራሳችን ቋንቋ ልጠይቀውና ከዚያ እነግርሻለሁ» አልኳት። ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። «ሃያውን ሰው ከየት አመጣኸው?»

«የትኛውን ሃያ ሰው?»

«ፈተናው ላይ የጻፍከውን። ስንዴ የሚያጭዱትን።»

«ከመጽሐፉ ነዋ!»

«ከየትኛው መጽሐፍ?»

«አንተ የነገርከን! ምዕራፉ ላይ ያለው! ፋብሪካ፣ ከዚያ ገበሬው…» አለና ቆመ። ፊቱን አየሁት፤ ውሸት አልነበረም። ሰይድን አየሁት፤ እሱም አፉን ከፍቷል።

«ሰይድ፣ አንተስ?»

«እኔም ከመጽሐፉ መስሎኝ። ማለቴ… ጠላውን አንተ የጨመርከው መስሎኝ ነበር እንጂ ሰዎቹንማ…»

ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥፋት ከተባለ። ስናገር የመጽሐፉን ቃልና የራሴን አልለየሁም። በአገራችን የቤተ ክህነት ተማሪ ንባቡንና ትርጓሜውን በአንድ ድምፅ ነው የሚያወርደው፤ የሚለየው ያው የሚያውቀው ነው። እነዚህ ሁለቱ ያን ምዕራፍ በዓይናቸው አላዩትም። ለእነሱ መጽሐፉ እኔ ነበርኩ። አጎቴን የአሜሪካ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቼ አስተማርኳቸው፤ አምነው ጻፉ።

ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው። ሰይድ የጎደለኝን ቃል ያቀብለኛል። ብርሃኑ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው ብርሃኑ፣ ዝም ብሏል።

ሚስተር ሆልም ወረቀቶቹን አንሥቶ እንደገና አያቸው። «ይቺ እዚህ ጋ ቢራ ትላለች» አለ፤ ጠላውን እንዲያ ነበር የተረጎምነው። «እዚህም ቢራ። የሰይድ ግን ለስላሳ መጠጥ ነው የሚለው።»

«እኔ ቢራ ምን አገባኝ?» አለ ሰይድ።

«ከወረቀት የገለበጠ ሰው ቢራ ብሎ ይገለብጥ ነበር» አልኩ። «ይህ በጆሮ የተሰማ ነው።»

መምህሩ ወጥቶ ከማንበቢያው መጽሐፉን ይዞ ተመለሰ። ምዕራፉን ገለጠ። «በል» አለኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ከመጀመሪያው ቃል ጀመርኩ። አነጋገሬ ጎርባጣ ነው፣ ግን ቃል አልዘለልኩም። እሱ በጣቱ ይከተለኛል። አንደኛው ገጽ አለቀ፤ ገለጠ። ሁለተኛው አለቀ፤ ገለጠ። ሚስስ ፔትሪ ብዕሯን አስቀመጠች። ፋብሪካው ጋ ስደርስ ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «የእናንተ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ የእኔ ነው።» አጎቴን ከነማጭዱ አወረድኩላቸው።

ስጨርስ መምህሩ መጽሐፉን ከደነ።

«ለምን ሃያ?» አለኝ።

«ሃያ ስለነበሩ።»

ወረቀቴን እንደገና አነሣ። «ከሦስቱ ምሳሌውን ያሰብከው አንተ ትሆናለህ ብዬ አልገመትኩም።»

«ለምን?»

«ጽሕፈትህ…» አለና ተወው።

«እጄ መጻፍ ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው» አልኩት። «የስምንት ዓመት ልጅ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የጠየቅኸው እጄን ነው፤ እኔን አልጠየቅኸኝም።»

ፊቱ ቀላ። ይቅርታ አላለኝም። «ለዋናው ግቢ እጽፋለሁ» ብቻ አለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላችኋል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ሚስስ ፔትሪ ግን «የመባረርህ ደብዳቤ ዋናው ግቢ ደርሷል» አለች። «እዚያ ፋይሉ ውስጥ የምስክር ፊርማ አለ። ፊርማው እስካለ ድረስ እኔ ልሰርዘው አልችልም።» ወደ ብርሃኑ ዞረች። «ፊርማህን ታነሣለህ?»

ሰይድና እኔ ወደ እሱ ዞርን።

ብርሃኑ ጫማውን አየ። «ከፊቱ መቀመጤ እኮ እውነት ነው» አለ በእንግሊዝኛ። «የፈረምኩት የተቀመጥኩበትን ነው።»

«አንተ!» አለ ሰይድ።

«ሰይድ፣ አንተ ወረቀት አለህ!» ብርሃኑ በአማርኛ ጮኸ። «ጋሽ ደምሴም አለው! እኔ ገና ነኝ! ዛሬ ‹የፈረምኩት ልክ አይደለም› ብዬ ብጽፍ፣ ነገ ኢሚግሬሽን ‹ይህ ሰው ውሸት ይፈርማል› ቢለኝስ? ማን ይደርስልኛል? እናንተ?»

«እሺ፣ ለእኔስ ማን ደረሰልኝ?» አልኩት።

እንባው መጥቶ ነበር። ለእንባው አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም።

ሚስስ ፔትሪ ሌላ መንገድ አመጣች። ፈተናውን እንደገና ልውሰድ፤ ካለፍኩ ልመለስ፤ ክሱ ግን ፋይሉ ውስጥ «በቂ ማስረጃ ያልተገኘለት» ተብሎ ይቀመጥ። ሰይድ እንኳ «ደምስ፣ ተቀበል፣ ነገሩ ይብረድ» አለኝ።

«በቂ ማስረጃ ያልተገኘለት ሌባ ሆኜ አልማርም» አልኩ።

በእነሱ አምስት ሰዓት ሕንፃው ይዘጋል። ክላይድ ቁልፉን ይዞ መጣ። እሱን ላስቸግረው አልፈለግሁም፤ ተነሣሁ። «አውጫጭኙ አላለቀም» አልኳት። «በሚቀጥለው ረቡዕ እመጣለሁ።»

ቀልድ መስሏት ነበር።

ረቡዕ በረቡዕ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ከቢሮዋ ፊት ለፊት ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክፍል መግባት ተከልክያለሁ፤ ኮሪደር ላይ መቀመጥ ግን የከለከለኝ የለም። የሚስተር ሆልም ክፍል በሩ አይገጥምም ነበር፤ ድምፁ ይወጣል። የቀረውን ኢኮኖሚክስ ከበር ኋላ ሆኜ ተማርኩ። አንድ ቀን ሰውየው መናገር ሲጀምር በሩን ራሱ ገርበብ አደረገው። እኔም አላመሰገንኩም፣ እሱም አልጠበቀ።

ያገሬ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጄ፣ የሰው አገር ነው። ዝም ብለህ እንጀራህን ብላ። ልጁንም ይቅር በለው» አሉኝ አንድ አዛውንት።

«አባቴ፣ እርስዎ ሌባ ቢባሉ ዝም ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ ሌባ አልተባልኩም።»

«እንግዲያው አይምከሩኝ።»

ባለጌ ተባልኩ። ይባል።

ብርሃኑ የጥገኝነት ውሳኔውን ያገኘው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቅርንጫፉ ሄዶ ፊርማውን አነሣ። እውነት ለመናገር ምንም በማያስከፍለው ቀን ተናገረ። ከዚያ በሰይድ በኩል ይቅርታ ላከብኝ። ይቅርታውን ሰማሁት፤ አልሰጠሁትም። ሃይማኖተኛ አንባቢ በዚህ ትቆጡኛላችሁ፤ ተቆጡ። ፈርቶ እንደፈረመ ይገባኛል። እኔም ያን ጠዋት ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃቴን በማንም ስም ሥር አልፈረምኩም። ልዩነታችን ይኸው ነው፣ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ እናንተ ጋ ነው ያነሰው።

ምን ለወጠኝ ብትሉ፣ ደግ አላደረገኝም። ከዚያ ወዲህ ሰው አላምንም፤ ወረቀት ሳላነብ አልፈርምም፤ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ እንኳ «ደምሴ ይመረምራል» ይለኛል። አንድ ነገር ግን ከላዬ ጣለልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዘግይቼ መማሬን እንደ ነውር እደብቀው ነበር። ሰው ሲያይ መጽሐፍ አልገልጥም፣ ስጽፍ እጄን በክንዴ እከልላለሁ። ከዚያ በኋላ አልከለልኩም። አውቶቡስ ላይ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነባለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።

አንተ ደግሞ፣ ይህን የምታነብ፣ ዘግይተህ የተማርክ፣ ወይም ትንሽ ትምህርት ቤት ስለገባህ ትልቅ ቦታ የገቡት የሚስቁብህ፦ ያንን ቢሮ ታገኘዋለህ። ወንበርም አለው። ቅጽ ይሰጡሃል፤ ቅጹንም ሙላ፣ ግን ሞልተህ አትውጣ። የሚያዩህ ሰዎች መጀመሪያ ያፍሩብሃል፣ ቀጥሎ ይሰለቹሃል፣ በመጨረሻ እውነቱን መናገር ከአንተ ጋር ከመዋል ይቀላቸዋል። ደግነታቸውን አትጠብቅ።

ዋናው ግቢ የላከው ደብዳቤ አራት መስመር ነው። ክሱ ከፋይሌ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል፣ ፈተናዬ ያገኘው ውጤት ተመዝግቧል፣ ትምህርቴን መቀጠል እችላለሁ ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ሁለት ጊዜ ፈለግሁት። ይህን ደብዳቤ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰጠኝን፣ ለማንበብ ሦስት ቀን አልፈጀብኝም። ክላይድ ሕንፃውን ሊዘጋ ከታች ወጥቶ እስኪደርስ አንብቤ ጨርሼ፣ ከወንበሩ ተነሥቼ ነበር። ከላይ የታተመበት ቀን ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1987 ነው።